ስደተኛስ ሽርሽር አያምረውም?

የፊልሙ ርዕስ የሚመጣው ፊልሙ ከተጀመረ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ተመልካቹ ከክሊኒክ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ፋብሪካ ሲንከራተት ይቆያል። ከዚያ መኪናዋ ከከተማ ትወጣለች፤ ቤቱ እያነሰ ዛፉ እየበዛ ይሄዳል፤ ድንገት ለስለስ ያለ የታይ ዘፈን ይለቀቅና የተዋንያኑና የዳይሬክተሩ ስም መታየት ይጀምራል። አርፍዶ ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ቢኖር “እሰይ፣ ገና መጀመሩ ነው” ብሎ ይቀመጥ ነበር። በኔ አስተያየት የፊልሙ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው ያለው። እስካሁን ያየነው ሰዓት የወረቀት፣ የማኅተምና የአለቃ ሰዓት ነበር፤ የባለታሪኮቹ የራሳቸው ቀን የሚጀምረው አሁን ነው።

ፊልሙ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው “ብሊስፉሊ ዩርስ” በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ነው። የሠራው ታይላንዳዊው አፒቻትፖንግ ዊራሴታኩል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በካን የፊልም ፌስቲቫል “አን ሴርታን ረጋር” በተባለው ዘርፍ ተሸልሟል። ስለ ፊልሙ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጫካው ነው፤ ፍቅረኞቹ፣ ወንዙ፣ ዝግታው። እኔ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል የጨረስኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ፊልሙን በፍላሽ ያመጣልኝ የወንድሜ ልጅ “አክስቴ፣ ይሄ ትዕግሥት ይፈልጋል” ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። የመጀመሪያው ትዕይንት ሲከፈት ግን ትዕግሥት አላስፈለገኝም። ያ ክፍል የኔ ክፍል ነው።

ምርመራ ክፍል ነው። ሚን የሚባል ወጣት ሸሚዙን አውልቆ ሐኪሟ ፊት ተቀምጧል። ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበታል፤ ቆዳው ይላላጣል። ሐኪሟ የምትጠይቀው እሱን ነው፤ የሚመልሱላት ግን አብረውት የመጡት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ፍቅረኛው ሩንግና በዕድሜ ጠና ያለችው ኦርን። ጉሮሮውን አሞት መናገር አቅቶታል ይላሉ። ይህን ጨዋታ አውቀዋለሁ። በሽተኛው ዝም ብሎ አስታማሚው ሲያወራ የነርስ ጆሮ ይቆማል። ወይ የቋንቋ ችግር አለ፣ ወይ ፍርሃት አለ፣ ወይም የመጡበት ጉዳይ ሌላ ነው። እዚህ ሦስቱም አሉ። ሚን ከበርማ ያለ ፈቃድ የገባ ስደተኛ ነው፤ አፉን ከከፈተ አነጋገሩ ያጋልጠዋል። ሐኪሟ መርምራው ስታበቃ ዋናው ጉዳይ ይወጣል። ሥራ እንዲቀጠር የጤና ምስክር ወረቀት ይጻፍለት። ሐኪሟ መታወቂያ ትላለች። መታወቂያ የለም። ኦርን ትለማመጣለች፣ ትጨቀጭቃለች። ወረቀቱ አልተጻፈም።

ካሜራው አይነቃነቅም፤ ሙዚቃ የለም፤ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ሐኪሟን ጨካኝ አድርጎ ይስላት ነበር። አፒቻትፖንግ እንደዚያ አላደረገም፤ ደግ አደረገ። መታወቂያ ለሌለው ሰው ማን ነው ብላ ትፈርም? ማኅተሙን የሚቆጣጠር አለቃ አለባት፤ ቀጥሎ የሚገባ በሽተኛም አላት። ጥፋተኛ በሌለበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው በሩ ተዘጋበት። ለኔ የፊልሙ የመጀመሪያ እውነት ይህ ነው።

እኛም ጋ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አረብ አገር ለመሄድ “ሜዲካል” አድርገው “አንፊት”፣ ማለትም ብቁ አይደላችሁም፣ የተባሉ ልጃገረዶች ውጤታቸውን ይዘው ወደኛ ይመጡ ነበር። አንዷ ራጇን ከቡናማ ፖስታ አውጥታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችውና በጣቷ አንድ ቦታ አሳየችኝ። ልጅ ሆና ሳንባዋን ታማ ታክማ ድናለች፤ ያረጀ ጠባሳ ቀርቷል። ሕመም የለባትም፤ አታስልም፤ ለማንም አታስተላልፍም። “ሲስተር፣ ይቺን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም?” አለችኝ። “የለም የኔ ልጅ፤ ድነሻል እኮ” አልኳት። ራጁን እንዳይታጠፍ ተጠንቅቃ ፖስታው ውስጥ መለሰችው። “ድነሻል” ማለቴ ምንም አልጠቀማትም፤ የፈለገችው መዳን ሳይሆን መዳኗን የሚመሰክር ወረቀት ነበር።

ሚንም እንዲሁ ነው። ቆዳው እያሰቃየው “ጤነኛ ነው” የሚል ወረቀት ይለመንለታል። ሩንግ በበኩሏ በአንድ ፋብሪካ ትንንሽ ቅርጻ ቅርጾችን በእጇ ቀለም ስትቀባ የምትውል ሠራተኛ ናት፤ ከእሱ ጋር ለመሄድ አሞኛል ብላ ከሥራ ትወጣለች። የታመመው ጤነኛ ነኝ ለማለት ይደክማል፤ ጤነኛዋ ታመምኩ ብላ ትዋሻለች። አንዲት ከሰዓት በኋላ የምትገኘው በዚህ ዋጋ ነው።

አፒቻትፖንግ ክሊኒኩን ከሩቅ ሆኖ አይደለም የሚያውቀው። ወላጆቹ ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ፤ ያደገው በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በምትገኘው ኮን ኬን ከተማ ነው። እዚያው ሥነ ሕንፃ ተምሮ፣ ፊልም ለመማር ወደ ቺካጎ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ በሠራቸው ብዙ ፊልሞች ውስጥም የሆስፒታል ኮሪደር፣ አልጋ፣ ግሉኮስና ነጭ ጋዋን አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 “አጎቴ ቡንሚ” በሚለው ፊልሙ የካንን ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ሲያገኝ እንኳ ዋናው ባለታሪክ ኩላሊቱ የደከመበት፣ ቤቱ ሆኖ የሚታከም ገበሬ ነበር።

ሚን የመጣበትን አገር ካላወቅን ጫካው አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ1988 የበርማ ጦር የሕዝቡን ተቃውሞ በጥይት ከጨፈለቀ ወዲህ፣ በፍርሃትም በችጋርም ድንበር አቋርጦ ታይላንድ የገባው ሰው ብዛት በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ፣ ግንባታ ላይ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ ሰው ቤት ነው የሚሠሩት። ከተሰደዱት አንዷ ሐኪም ሲንቲያ ማውንግ ናት፤ ማኤ ሶት በምትባለው የድንበር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ለስደተኞች ክሊኒክ ከፍታለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የታይላንድ መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚሠሩትን ሲመዘግብ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ፤ ለመመዝገብም የጤና ምርመራ ግዴታ ነበር። በዚያው ዓመት ታይላንድ ዜጎቿ በ30 ባት የሚታከሙበትን፣ ዛሬም ድረስ በጤናው ዓለም የሚመሰገነውን ሥርዓት ጀመረች። ሚን የተቀመጠባት ወንበር እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚገናኙባት ቦታ ናት። ለዜጋው በሩ በሰፊው ሲከፈት ለእሱ መታወቂያ የሚጠየቅበት በር ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። ታይላንዳዊ ልጅ በትምህርት ቤት በርማን የሚያውቀው በአብዛኛው በጠላትነት ነው። የበርማ ጦር እ.ኤ.አ. በ1767 የታይን ጥንታዊ መናገሻ አዩታያን አቃጥሏል፤ ቁስሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይነገራል። ሲኒማውም ይህንኑ ሲያስተጋባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 “ባንግ ራጃን” የተባለው ፊልም ከበርማ ወራሪ ጋር ተናንቀው የወደቁ የአንድ መንደር ሰዎችን አሳየ። በ2001 ደግሞ በዚያን ጊዜ በታይላንድ ታሪክ ከፍተኛ ገንዘብ የፈሰሰበት “ሱሪዮታይ” ወጣ፤ ዝሆን ላይ ሆና ከበርማ ጦር ጋር ስትዋጋ የሞተች የ16ኛው ክፍለ ዘመን ንግሥት ታሪክ ነው። ያ ሁሉ ሰይፍ፣ ያ ሁሉ ዝሆን ባለፈ በዓመቱ ደግሞ አፒቻትፖንግ አንድ በርማዊ ይዞ መጣ፤ ቆዳው የሚላላጥ፣ ቅባት የሚቀባለት፣ አንዲት የታይ ልጅ የምትወደው ወጣት። በዚህ ጉዳይ ላይ ፊልሙ ውስጥ ንግግር የሚያደርግ የለም፤ ሰውየውን ከነሽፍታው ማሳየት በቂ ነበር።

አሁን ወደ ጫካው እንግባ። እዚያ የሚሆነውን ለመናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሚንና ሩንግ በእግር ይሄዳሉ፤ ከዛፍ ላይ ፍሬ ለቅመው ይበላሉ፤ ሸለቆው ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ ጨርቅ ዘርግተው ምግብ ያቀርባሉ። ከዚያ ይዋደዳሉ፣ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ፣ ይተኛሉ። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚረዝመው ፊልም ከግማሹ በላይ ይኸው ነው። የምንሰማው የነፍሳት ጩኸት፣ የውሃ ድምፅና ቅጠል ሲረገጥ ነው። አንዳንዴ ሚን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሣላቸው ሥዕሎችና የጫራቸው ቃላት ምስሉ ላይ ተደርበው ይመጣሉ፤ ክሊኒክ ውስጥ ድዳ የነበረው ሰው እዚህ ድምፅ አለው።

ግን ማንም ገነት ነው እንዳይል። ጉንዳን ምግቡን ይወርረዋል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ሽፍታው አልጠፋም፤ ኦርን ከክሬም ጋር አትክልት ከትፋ የቀየጠችው ቅባት ያድነው አያድነው አይታወቅም። አፒቻትፖንግ ተፈጥሮን ለመድኃኒትነት አልሸጠልንም። ፍቅረኞቹ ጫካ የገቡት አየሩ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ አለቃ፣ ፖሊስና ካርድ ክፍል የሌለበት ሌላ ቦታ ስላጡ ነው። ድሃ ፍቅረኞች ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ሀብታም በሩን ዘግቶ ይዋደዳል፤ በር የሌለው ሰው ዛፍ ይፈልጋል።

እንደዚህ ስል የሚነሣውን ጥያቄ አውቃለሁ፤ ወሲቡስ? አዎ፣ ፊልሙ ውስጥ በግልጽ የሚታይ ወሲብ አለ፤ ከልጆች ጋር ተቀምጠው የሚያዩት አይደለም። ታይላንድ ውስጥ ሲታይ ሳንሱር እነዚያን ትዕይንቶች ቆርጧቸዋል። እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው ገላ ሳይ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ያላስደነገጠኝ እሱ ነው። ሚን ልብሱን ሁለት ቦታ ያወልቃል፤ ክሊኒክ ውስጥና ጫካ ውስጥ። ክሊኒክ ውስጥ ገላው ለሥራ ይመጥን እንደሆን ይታያል፤ ወንዝ ዳር የሚነካው ሰው ስለሚወደው ነው። ሳንሱሩ የመጀመሪያውን ትቶ ሁለተኛውን መቁረጡ የሚነግረን ነገር አለ። ገላ ለሥራ ሲመዘን ያላሳፈረን፣ ሲደሰት አሳፈረን።

የሳንሱሩ ጣጣ በዚህ አላበቃም። “ሲንድሮምስ ኤንድ ኤ ሴንቸሪ” በተባለው እ.ኤ.አ. በ2006 በሠራው ፊልሙ ላይ የአገሩ ሳንሱር ቦርድ አራት ትዕይንቶች እንዲወጡ አዘዘ። አንዱ ሐኪሞች ሆስፒታል ውስጥ ውስኪ ሲጠጡ ነው፤ ጠርሙሱን የደበቁት ሰው ሠራሽ እግር ውስጥ ነበር። ሌላው መነኩሴ ጊታር ሲመታ ነው። ዳይሬክተሩ የተቆረጡትን ቦታዎች በጥቁር ምስል ሞልቶ አሳየ፤ ታዳሚው ጨለማውን ቁጭ ብሎ አየ። ሐኪም አይጠጣም ያለው ማነው? ይህን የሚል ሰው አንድ ቀን የሌሊት ተረኛ ሆኖ አይቶ አያውቅም። ቦርዱ የፈለገው ሐኪም ሁልጊዜ እንደተከበረ፣ መነኩሴ ሁልጊዜ እንደጸለየ እንዲኖር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፊት ሰጥተን፣ ሌላ ፊት ሲያሳይ መቁረጥ።

እዚህ ላይ በታይላንድ ሳንሱር መሳቅ ቀላል ነው። እኛስ ለስደተኛ የሰጠነው ፊት ስንት ነው? ስለ ስደት የሚሠሩ ፊልሞቻችንን፣ ድራማዎቻችንንና የቴሌቪዥን ዘገባዎቻችንን አስቡ። ወይ በረሃ ላይ ውሃ ጥም የሚያቃጥላት ልጅ አለች፣ ወይ ደጃፍ ላይ ፎቶ ታቅፋ የምታለቅስ እናት አለች፣ ወይ ሻንጣ ጭና የምትመለስ ባለ ወርቅ አለች። መከራዋን እናውቃለን፣ ብሯን እናውቃለን። ከሰዓት በኋላዋን ግን አናውቀውም።

የጎረቤቴ ልጅ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም፤ እሑድ መውጣት አለመውጣቷ በተግባር በአሠሪዋ ፈቃድ ነው። አንድ እሑድ ከጓደኞቿ ጋር ራውሼ ከሚባለው ባሕር ዳር ካለ ዐለት አጠገብ የተነሣችውን ፎቶ ላከች። ቀሚሷ በነፋስ ተነፍቷል፣ አፏ ተከፍቶ ትስቃለች፣ እጇ ላይ አይስክሬም አለ። እናቷ መጀመሪያ ለኔ አሳየችኝና ስልኩን ቶሎ አጠፋችው። “ለአጎቶቿ እንዳታወሪ እትዬ፤ ለሽርሽር ነው እንዴ የሄደችው ይላሉ” አለችኝ። አጎቶቿ የጣሪያ ቆርቆሮ እየጠበቁ ነበር። እናትየዋ ልጇን ለማዳን ስትል ሳቋን ደበቀች። የኛ ሳንሱር ቦርድ መሥሪያ ቤት የለውም፤ በየሳሎኑ ነው የሚቀመጠው።

ታዲያ አንድ ሰው “መከራው ይብሳል፤ ስደተኛን ወንዝ ዳር ሲንከባለል ማሳየት የሚደርስበትን ግፍ ማቅለል ነው” ቢለኝ ክርክሩን አልንቀውም። ሰው በየበረሃው እየቀረ ስለ ሽርሽር ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ፊልሙ ግፉን አልደበቀም። የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥቶታል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ደግሞ ሁሉም በየፊናው እንደተበተነ ይነግረናል፤ ሚን ወደ ባንኮክ ሄዶ ሥራ ይጠባበቃል፣ ሩንግ ያለ እሱ ሕይወቷን ቀጥላለች። ያቺ ከሰዓት በኋላ ምንም አልለወጠችም። ቢሆንም ነበረች። ሚን ምን እንደተነጠቀ የሚገባን፣ ምን ደስ እንደሚለው ካየን በኋላ ነው። መከራውን ብቻ ያየ ሰው ያዝናል እንጂ ያን ሰው አያውቀውም።

ኦርንን ሳላነሣ ብቀር ይቆጨኛል። ልጅ ሞቶባታል፤ ሌላ መውለድ ትፈልጋለች፤ ባሏ ልቡ እዚያ የለም። እሷም በዚያው ቀን ከሌላ ወንድ ጋር ወደ ጫካው መጥታ ነበር፤ ሞተር ብስክሌቱ ሲሰረቅ ሰውየው ሌባውን ሊያሳድድ ሮጠ፣ እሷ ብቻዋን ቀረች። ስትንከራተት ፍቅረኞቹን ወንዝ ዳር አገኘቻቸው። የሚያፈቅሩ ሁለት ወጣቶች አጠገብ ለሦስተኝነት መቀመጥ ምን እንደሚመስል ፊቷ ላይ ይነበባል፤ በመጨረሻ ታለቅሳለች። መታወቂያ አላት፣ ባል አላት፣ መኪና አላት፤ የሚነካት ሰው ግን የላትም። ይህች ሴት ባትኖር ኖሮ ፊልሙ ወረቀት ያለው ደስተኛ ነው፣ ወረቀት የሌለው ምስኪን ነው የሚል ተራ ሒሳብ ይሆን ነበር። ኦርንን የተጫወተችው ጄንጂራ ፖንግፓስ በኋላ በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሯ ተጎድቷል። ዳይሬክተሩ አልተዋትም፤ በበርካታ ቀጣይ ፊልሞቹ ውስጥ ከነማነከሷ አብራው አለች። የገላን ጉድለት የማይደብቅ ሲኒማ ሲያጋጥመኝ፣ ነርስ ነኝና፣ አከብረዋለሁ።

ዝግታውን በተመለከተ ለወንድሜ ልጅ የመለስኩለትን ለአንባቢም ልበል። ፊልሙ የሚዘገየው ተመልካቹን ለመፈተን አይደለም። የዕረፍት ሰዓት ትክክለኛ ርዝመቱ ያ ነው። ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው የተኛ ሰው ሲተኛ ቢታይ ይሰለቻል፤ ለተኛው ግን አይሰለችም። ሲደበደብ ለማየት አንድ ሰዓት ቁጭ የምንልለት ሰው፣ ሲያርፍ ለማየት አሥር ደቂቃ ከነሣነው ችግሩ ከፊልሙ አይደለም።

ስለ ስደት ለምትጽፉና ፊልም ለምትሠሩ የአገሬ ልጆች የምለው አንድ ነገር ነው። በረሃውን አሳዩ፣ ጀልባውን አሳዩ፣ ደላላውንም አጋልጡ፤ ይህ ሥራችሁ ነው። ግን ባለታሪካችሁን አንድ ጊዜ እንኳ ከአሠሪም፣ ከደላላም፣ ከቤተሰብም ዓይን አውጥታችሁ ለራሷ ተዉላት። ትታጠብ፣ ትብላ፣ ትሳቅ፣ ካሻት ትተኛ። እኛ ቤት የቀረነው ደግሞ ፎቶው ሲመጣ “ለሽርሽር ነው እንዴ የሄደችው?” ማለቱን እንተው። ከላከችው ብር ላይ ድርሻ ይኖረን ይሆናል፤ ከዕረፍት ቀኗ ላይ ግን የለንም።